መሪው ሲንቋቋ፦ የአንገት ኩሽኔታ ማደስ ይሻላል ወይስ ፎርክ መቀየር?

ከአራት ኪሎ ወደ መስቀል አደባባይ ቁልቁል በብስክሌት ስወርድ፣ የቤተ መንግሥቱን አጥር ታክኬ የፊት ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ከመሪው ሥር «ቋ» የሚል ድምፅ ይወጣ ጀመር። የመጀመሪያውን ሳምንት ችላ አልኩት። በሁለተኛው ሳምንት ድምፁ በመዳፌ ይሰማኝ ነበር። በሦስተኛው አንድ ብስክሌት አውቃለሁ ባይ ባልደረባዬ «ፎርኩ አልቆለታል፤ ቀይረው» አለኝ፤ የፊት ጎማውን የሚይዘውን ባለ ሁለት እግር አካል ማለቱ ነው። እኔም ገንዘቤን ቆጥሬ መርካቶ ወረድኩና የሚያብረቀርቅ ጥቁር ፎርክ ገዝቼ ተመለስኩ። አልገጠመም። ቢገጥም እንኳ ትርፉ ወጪ ብቻ ነበር፤ የተበላሸው ፎርኩ አልነበረምና።

ይህን የነገሩኝ ለገሀር አካባቢ ሸራ ወጥረው ብስክሌት የሚጠግኑ አንድ አዛውንት ናቸው። «ጋሼ፣ ይህን ፎርክ ይገጥሙልኛል?» ብዬ አዲሱን ዕቃ ዘረጋሁላቸው። ፎርኩን አላዩትም፤ ብስክሌቱን አዩት። «ልጄ፣ መድኃኒቱን ገዝተህ ነው በሽታውን የምትፈልገው?» አሉኝ። የፊት ፍሬኑን አስያዙኝና የአውራ ጣታቸውን ጥፍር በሚዞረው የላይኛው ክዳንና በማይዞረው ኩባያ መካከል ባለው ስንጥቅ ላይ አሳርፈው ብስክሌቱን ወደፊትና ወደኋላ ነቀነቁት። «አሁን አንተ ንካው።» ከጥፍሬ ሥር ከወረቀት ውፍረት የማይበልጥ ነገር ከፍ ዝቅ ሲል ተሰማኝ። ሦስት ሳምንት ያስፈራኝ ድምፅ እሱ ነበር።

የፊት ጎማውን በሁለት እግሮቹ መካከል የሚይዘው አካል ፎርክ ነው። ከእግሮቹ በላይ ያለው ዘንግ በቴላዮው (በብስክሌቱ ዋና አካል) አንገት ውስጥ አልፎ ከመሪው ጋር ይገናኛል። ዘንጉ ያለ ፍትጊያ እንዲዞር በአንገቱ ላይኛውና ታችኛው ጫፍ አንድ አንድ ኩሽኔታ አለ፤ ብዙ ጊዜ ኩባያ፣ ቀለበትና በመካከላቸው የሚሽከረከሩ ትንንሽ የብረት ብዮች ናቸው። ዳዶ፣ ብሎን፣ ካቴና፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ እያልን የምንጠራቸውን ሁሉ ከጣሊያንኛ ወስደን የራሳችን አድርገናቸዋል፤ ለፎርኩ ግን በየሱቁ የሚሰጠው ስም ስለሚለያይ ዕቃውን በእጅ ይዞ መሄድ ከማንኛውም ስም ይሻላል።

ከመምረጥ በፊት

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ምርመራ አለ። የጥፍሩን ምርመራ ከላይ ገልጬዋለሁ። የፍሬን ሸራው ልቅ ሆኖ እንዳያታልል መሪውን ወደ ጎን በዘጠና ዲግሪ አዙሮ እንደገና መነቅነቅ ነው። ቀጥሎ ቸርኬውን ይዞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መግፋት፤ እዚያ ከተነቃነቀ ልቅ የሆነው የጎማው መሀል ኩሽኔታ ነው፣ የአንገቱ አይደለም። ከዚያ የፊቱን ጎማ ከመሬት አንስቶ መሪውን በአንድ ጣት ቀስ ብሎ ማዞር። አሸዋ እንደሚፈጭ ከተንኮሻኮሸ ግራሶው አልቋል ወይም ቆሻሻ ገብቷል፤ ይህ ይታደሳል። ቀጥ ባለበት ቦታ ላይ ደግሞ ጉድጓድ እንዳገኘች ብይ «ጠቅ» ብሎ ከተቀመጠ፣ ብዮቹ ኩባያውን ነድለውታል ማለት ነው። ያን ጊዜ ብይ መቀየር ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ኩባያውና ቀለበቱ አብረው ይቀየራሉ።

ባለ ሞላ ፎርክ ያላቸው ሰዎች አንድ ተጨማሪ ቦታ ይፈትሹ፦ ቀጭኑ እግር ወደ ወፍራሙ የሚገባበትን። እዚያ ላይ የጎን ልቅነት ካለ የውስጥ ማንሸራተቻው ተበልቷል። ውድ በሆኑት ፎርኮች ይህ ይጠገናል፤ ከርካሽ ብስክሌት ጋር በሚመጡት ላይ ግን የጥገናው ልፋት ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል።

በመጨረሻ ከጎን ራቅ ብሎ ማየት ነው። የፎርኩ እግሮች የላይኛው ክፍል ከቴላዮው አንገት ጋር በአንድ መስመር መውረድ አለበት። ወደ ኋላ ከተጣጠፈ፣ ወይም ከአንገቱ ኋላ በታችኛው ቱቦ ሥር ቀለሙ ተጨማድዶ ወይም ተሰንጥቆ ከታየ፣ ብስክሌቱ አንድ ጊዜ ከመኪና ወይም ከጠርዝ ድንጋይ ጋር ተጋጭቷል። በቱቦው ላይ ያለው ጭምድድ ከሁሉ የከፋ ዜና ነው፤ ቴላዮው ራሱ ስለተጎዳ አዲስ ፎርክ አያድነውም።

ስለ ማቃናት

እዚህ ከተማ የተጣመመ ነገር ሁሉ ይቃናል፤ በዚህ ችሎታችን እኮራለሁ። ፎርክን ግን ከዚህ ውጭ አድርጉልኝ። የብረት ፎርክ በትንሹ ሲጣመም በሙያው መሣሪያ፣ ሳይሞቅ ማቃናት የሚቻልበት ጊዜ አለ። በቧንቧና በመዶሻ፣ ይባስ ብሎም በእሳት ማቃናት ግን ብረቱን ያደክመዋል። የአሉሚኒየምና የካርቦን ፎርክ በማንኛውም መንገድ አይቃናም፤ የተሰነጠቀውም አይበየድም። የኋላ ዕቃ ሲሰበር ብስክሌቱ ይቆማል፤ ፎርክ ሲሰበር በፊትዎ አስፋልት ላይ ይወድቃሉ። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሀር በቸርችል ጎዳና የወረደ ሰው የፊት ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ በሙሉ የት ላይ እንደሚያርፍ ያውቀዋል። ስለዚህ ፎርኩ ከተጣመመ ምርጫው አንድ ብቻ ነው፤ መቀየር።

ኩሽኔታውን ማደስ

የጥፍር ምርመራው ልቅነት ካሳየ፣ ወይም መሪው ሲዞር ከተንኮሻኮሸ፣ መጀመሪያ የሚሞከረው ማደስ ነው። ወጪው ከፎርክ ጋር አይወዳደርም፤ ግራሶ፣ ብይ፣ ነጭ ጋዝና አሮጌ ጨርቅ ብቻ ነው። ለጀማሪ ከባድ የሚሆነውም ሆነ ቀላል የሚሆነው ግን በአንገቱ ዓይነት ነው።

አሮጌዎቹ ብስክሌቶች ባለ ጥርስ ዘንግ አላቸው፦ ከላይ ወፍራም ዳዶ ይታያል፣ የመሪው ክንድ ደግሞ እንደ ቡሽ በዘንጉ ውስጥ ወርዶ ይጠብቃል። ጥርስ አልባው አሠራር ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ወዲህ የተስፋፋ ሲሆን፣ የመሪው ክንድ ዘንጉን ከውጭ በሁለት የጎን ብሎኖች ያቅፈዋል። ለጀማሪ ያለ ጥርጥር ጥርስ አልባው ይቀላል። አብዛኛውን ጊዜ ባለ 4 ወይም ባለ 5 ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ ይበቃዋል። ባለ ጥርሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ 32 ሚሊ ሜትር ቁልፍ ይፈልጋል፤ ቤት ውስጥ የማይገኝ መጠን ነው። በፒንሳ መታገል ደግሞ የዳዶውን ጠርዝ ከማክበብ በቀር ትርፍ የለውም። ሁለት ሰፋፊ ተስተካካይ ቁልፎች መዋስ ይሻላል፤ አንዱ ከዳዶው ሥር ያለውን የሚዞረውን ክዳን ይይዛል፣ ሌላው ዳዶውን ይፈታል።

በጥርስ አልባው ላይ ጀማሪዎች ሁሉ የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ነው። ከላይ ያለው የክዳን ብሎን መሪውን የሚይዝ ይመስላል፤ አይይዝም። ሥራው ኩሽኔታዎቹን ከላይ ተጭኖ ልቅነቱን ማጥፋት ብቻ ነው። መሪውን የሚይዙት የጎን ብሎኖቹ ናቸው። እነሱ ጠብቀው ሳለ የክዳኑን ብሎን የሚያጠብቅ ሰው የሚጭነው ነገር የለም፤ ብሎኑን ያበላሻል እንጂ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የጎኖቹን ማላላት፣ የክዳኑን ልቅነቱ እስኪጠፋና መሪው ግን ሳይከብድ እስኪዞር ድረስ በትንሽ በትንሹ ማጥበቅ፣ መሪውን ከጎማው ጋር ማስተካከል፣ በመጨረሻም የጎኖቹን ተራ በተራ ማጥበቅ። የብዙዎቹ ክንዶች የማጥበቂያ ልክ ከ5 እስከ 6 ኒውተን ሜትር ነው፤ መለኪያ ቁልፍ የሌለው ሰው የቁልፉን አጭር ክንድ ይዞ በጣቶቹ ኃይል ብቻ ቢያጠብቅ ከልክ አያልፍም። ብዙ ጊዜ «ፎርክ ቀይር» የሚባልለት ድምፅ በዚህች የአሥር ደቂቃ ሥራ ይጠፋል፤ የእኔ ባለ ጥርስ ስለነበረ ነው ወደ አዛውንቱ የመራኝ።

ከፈቱት በኋላ ከውስጥ ከሦስት ዓይነት ኩሽኔታ አንዱን ያገኛሉ። ልቅ ብዮች፣ በቀለበት መሰል ማቀፊያ የተያያዙ ብዮች፣ ወይም ድፍን ኩሽኔታ። ልቅ ብዮቹ ርካሽና ጠንካራ ናቸው፤ ትዕግሥት ግን ይፈትናሉ። እኔ ለብቻዬ የመጀመሪያ ጊዜ የሠራሁት በረንዳ ላይ ነው፤ ፎርኩን ሳልደግፍ ዳዶውን ስፈታ የታችኛዎቹ ብዮች እንደ በረዶ ሲሚንቶው ላይ ተበተኑ። አንዷን ከውኃ መውረጃው ውስጥ አላገኘኋትም፣ አሁንም እዚያው ናት። ከዚያ ወዲህ ሥራውን ሰፌድ ላይ አድርጌ ነው፤ ትሪ ላይ የወደቀ ብይ ይነጥራል፣ ሰፌድ ላይ የወደቀ ባለበት ይቀራል። የቤቱን ሰፌድ ግን አትንኩ። ግራሶ የነካው ሰፌድ ምን ያህል የቤት ሰላም እንደሚያስከፍል ባለቤቴ ሦስት ቀን አስተምራኛለች።

ባለ ጥርስ አንገት ላይ ያሉ ልቅ ብዮች ብዙ ጊዜ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ናቸው፤ በትክክል 3.97። ከእነሱ የሚተልቅ መጠንም ስላለ አንዷን ናሙና በወረቀት ጠቅልሎ መያዝ ይጠቅማል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይቀየራሉ፤ ከአሮጌ ጋር የተቀላቀለ አዲስ ብይ ጭነቱን ብቻውን ተሸክሞ ኩባያውን ይጎዳዋል። ክቡን ግራሶ ላይ ደርድሮ ሞልቶ የአንዲት ብይ ያህል ክፍተት መተው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው በማቀፊያ የተያያዙትን ቢገዛ እመርጥለታለሁ፦ አይበተኑም፣ አይቆጠሩም። ጥንቃቄያቸው አቀማመጣቸው ነው። ተገልብጠው ከገቡ ብረቱ ከብረት ጋር ይፋጫል፤ ግራሶ ሳይቀቡ በደረቁ አስቀምጦ በእጅ ማሽከርከርና የሚፋጭ ነገር ካለ መገልበጥ ነው።

ድፍኑ ከሁሉ ቀላሉ ነው፦ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ይገባል። በጠርዙ ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች፣ ለምሳሌ 36 እና 45 ዲግሪ የሚሉትን፣ ከመጥፋታቸው በፊት በስልክ ፎቶ ማንሳት ያስፈልጋል። ቁጥሮቹ የጠርዙ ሰያፍ ማዕዘን ናቸው። ሶማሌ ተራ ከመኪና ዕቃ መካከል በስፋት የሚቀራረብ ኩሽኔታ ቢገኝ እንኳ ጠርዙ ሰያፍ ስላልሆነ አይተካውም።

ማጠቢያው ነጭ ጋዝ ይሁን። ቤንዚን ከሲጋራና ከከሰል ምድጃ አጠገብ ምን እንደሚያመጣ መናገር አያሻም። ግራሶው የተለመደው የሊቲየም ግራሶ ቢሆን ይበቃል፤ «ለብስክሌት ብቻ» ተብሎ በትንሽ ቱቦ የሚሸጠው ባይጎዳም የግድ አይደለም። የሞተር ዘይት ግን በግራሶ ቦታ አይገባም፤ በሳምንቱ ፈስሶ አቧራ ይሰበስባል። ኩሽኔታውን በቶሎ የሚያደርቀው ዝናብ ብቻ አይደለም። ብስክሌታችንን መኪና እጥበት ወስደን በኃይለኛ ውኃ አንገቱን እናስመታዋለን፤ ውኃው ግራሶውን እየገፋ ይገባል። የክረምቱ ዝናብ ሲያበቃ፣ በመስከረም፣ አንድ ጊዜ ፈትቶ መቀባት ለአብዛኛው የከተማ ጋላቢ ይበቃዋል።

ፎርክ መቀየር ካለበት

እዚህ ላይ ነው ገንዘብ የሚባክነው፤ የባከነውም የእኔ ነው። የእኔ ብስክሌት ዘንግ አንድ ኢንች፣ ማለትም 25.4 ሚሊ ሜትር ነበር። የገዛሁት 28.6። ልዩነቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዓይን ብዙም አያስታውቅም፣ በአንገቱ ግን አይገባም። ስለዚህ መርካቶ ከመውረድ በፊት ወረቀት ላይ የሚጻፉ ነገሮች አሉ፦ የዘንጉ ውፍረት፤ ከላይና ከታች አንድ ዓይነት ነው ወይስ ወደ ታች እየሰፋ ይሄዳል፤ ባለ ጥርስ ነው ወይስ ጥርስ አልባ፤ ከእግሮቹ መነሻ እስከ ጫፉ ያለው የዘንጉ ቁመት፤ የጎማው መጠን፤ ፍሬኑ ቸርኬውን የሚጨምቅ ነው ወይስ ዲስክ። ከእነዚህ አንዱ ካልገጠመ የቀሩት መግጠማቸው ምንም አይጠቅምም። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) የሌለው ሰው አሮጌውን ፎርክ አስፈትቶ በማዳበሪያ ጠቅልሎ ይዞ ቢሄድ ከሁሉ የተሻለ ነው።

የዘንጉ ቁመት ላይ ያለው ሕግ አጭር ነው፦ የረዘመ ይቆረጣል፣ ያጠረ አይቀጠልም። አሮጌ ፎርኮች ሳይሸጡ የሚቀመጡበት ዋነኛው ምክንያት ይህ ነው፤ የቀድሞው ባለቤት ለራሱ ብስክሌት ቆርጦታል። ባለ ጥርስ ሲሆን ደግሞ ጥርሱ ወደ ታች በቂ ርቀት መውረድ አለበት፤ ካልወረደ ዳዶው ልቅነቱን ሳያጠፋ መንገድ ላይ ይቆማል።

በምናለሽ ተራም ሆነ በሌላ ቦታ ያገለገለ ዕቃ ሲገዙ ሻጩ «የአውሮፓ ነው» ሲል ፈገግ ብለው የእግሮቹን መነሻና የፍሬኑን ማሰሪያ ይመልከቱ፤ ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ፎርክ ከተቧጨረ አሮጌ ፎርክ የበለጠ ሊያጠራጥርዎት ይገባል። ቀጥ ያለ ጎማ ይዘው ሄደው በፎርኩ ውስጥ ቢያስገቡና ወደ አንድ ጎን ካደላ፣ ጎማውን ገልብጠው ያስገቡት፤ አሁንም ወደዚያው ጎን ካደላ ጥፋቱ የፎርኩ ነው። ትንሽ ማግኔት ብረቱን ከአሉሚኒየም ይለያል።

ያገለገለ ወይስ አዲስ? ያገለገለ የብረት ፎርክ፣ ታሪኩ በዓይን ስለሚነበብ፣ እገዛለሁ። ያገለገለ አሉሚኒየም በጥርጣሬ፤ ያገለገለ ካርቦን በነጻ ቢሰጡኝም አልወስድም። የተመታ ካርቦን ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ሊለያይ ይችላል።

ሞላ ያለው ወይስ የሌለው? ርካሽ ባለ ሞላ ፎርክ ከሁለት ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ ሞላ የሌለው የብረት ፎርክ ብዙ ጊዜ ግማሽ ያህሉ ነው። ከለገሀር ወደ ፒያሳ ዳገቱን ቆሞ የሚገፋ ሰው ሞላው በእያንዳንዱ ግፊት ጉልበቱን ሲበላበት ያየዋል። የመሀል ከተማው ዋና ጎዳና አስፋልት ነው፣ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት የብስክሌት መስመሮችም ለስላሳ ናቸው፤ ስለዚህ እኔ ሞላ የሌለውን እመርጣለሁ። ቤቱ ኮብልስቶን ሰፈር ውስጥ የሆነ ሰው ይከራከረኛል፣ ልክም ነው፤ ግን ከርካሽ ሞላ ይልቅ ወፈር ያለ ጎማ በመጠኑ ነፋስ ተቀንሶለት ድንጋዩን ይበልጥ ያለሰልሰዋል።

አንድ ወጥመድ አለ። ባለ ሞላውን አውጥቶ ሞላ የሌለውን ሲያስገቡ ከጎማው መሀል እስከ እግሮቹ መነሻ ያለው ርዝመት መመሳሰል አለበት። ለ26 ኢንች ጎማ የሚሆን ባለ ሞላ ፎርክ ብዙ ጊዜ 450 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ነው፤ ሞላ የሌለው የድሮ ፎርክ ግን 400 ገደማ። በየ20 ሚሊ ሜትሩ የአንገቱ ማዕዘን በአንድ ዲግሪ ገደማ ይለወጣል። 50 ሚሊ ሜትር ያጠረ ፎርክ ያስገባ ሰው መሪው ሲቅበዘበዝበት፣ ፔዳሉም በመታጠፊያ ላይ መሬት ሲነካበት ያገኘዋል። ባለ ሞላውን ፎርክ ርዝመት እንዲተካ ተብሎ ረዝሞ የተሠራ ሞላ አልባ ፎርክም አለ፤ የሚፈለገው እሱ ነው።

ማን ይሥራው?

ማጠብ፣ መቀባት፣ ልቅነት ማጥፋት የእርስዎ ሥራ ነው። ሦስት ነገሮችን ግን ለባለሙያ ብትከፍሉ ይሻላል፦ ኩባያ ማውጣትና ማስገባት፣ የታችኛውን ቀለበት ከፎርኩ ላይ ማንሳትና መግጠም፣ ዘንግ መቁረጥ። ኩባያ በመዶሻ ብቻ ሲገባ ይጣመማል፤ የጠመመ ኩባያ አዲስ ብይ በወር ይበላል። ደህና ሠራተኛ ረጅም ባለ ጥርስ ብረት፣ ሁለት ዳዶና ሰፋፊ ሮንዴላዎች ይዞ ከሁለት ጎን እያጠበቀ ያስገባዋል። ይህን ካላዩ ሌላ ቦታ ይሂዱ። የታችኛው ቀለበት ደግሞ በአንድ ኢንች ዘንግ ላይ 26.4 እና 27.0 ሚሊ ሜትር የሚባሉ ሁለት መጠኖች አሉት፤ ትልቁ በትንሹ ላይ ልቅ ይሆናል፣ ትንሹ በትልቁ ላይ ሲመታ ይሰነጠቃል። «ይገባል፣ ይገባል» የሚል ሠራተኛ መዶሻ ሲያነሳ እጁን መያዝ ነው። ዘንግ ሲቆረጥም በሞርሳ ተይዞ ይሁን፤ ጥርስ አልባው ዘንግ ከመሪው ክንድ አናት 3 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይቆረጣል፣ አለበለዚያ ክዳኑ ዘንጉን እንጂ ኩሽኔታውን አይጫንም። ደግሞም ሁለቴ ሳይለካ አይቆረጥ።

እኔ በመጨረሻ ያደረግኩት ይህ ነው። አዛውንቱ ኩባያዎቹን አይተው «አልተነደሉም» አሉ፤ ብይና ግራሶ ገዛሁ፣ የመጀመሪያውን ጎን እሳቸው ሠሩ፣ ሁለተኛውን እኔ እሳቸው እያዩኝ። ብዮቹ ቦታቸውን ሲይዙ ትንሽ ልቅነት ስለሚመለስ በሳምንቱ በጥፍሬ ደግሜ ፈተሽኩት፤ ሩብ ዙር ጠበቀ፣ ከዚያ ወዲህ ዝም ብሏል። 28.6 ሚሊ ሜትሩ ጥቁር ፎርክ ከበሩ ኋላ ተሰቅሎ ኮት ይያዝበታል። የሚፈልግ ካለ የብስክሌቱን አንገት ለክቶ ይምጣ።